ሰባት ቋጠሮ በርበሬ

ለይኩን እሑድ ጠዋት ዕቃ ቤት የገባው ጃንጥላ ፍለጋ ነበር፤ ያገኘው ባዶ ምስማር ነው። አርባ አንድ ዛላ ቀይ በርበሬ እንደ ጄኔራል ኒሻን ተደርድሮበት የነበረው ሲባጎ የለም። ግድግዳው ላይ የቀረው ዛላው ሲወዛወዝ የጫረው ጭረትና ወለሉ ላይ የተበተነ ትንሽ ነጭ ብናኝ ብቻ ነው። ሰው ሲደነግጥ ደርቆ ይቀራል ሲባል ሁሉም ሰምቷል፤ የለይኩን ግን ከዚያም ባሰ። ደሙ ከራሱ ተነሥቶ እስከ ጫማው ሲወርድ በጆሮው ሰማው፣ አፉ ውስጥ የነበረው ምራቅ እንደ ሐምሌ ጎርፍ በአንድ ጊዜ መጥቶ በአንድ ጊዜ ደረቀ። ሚስቱን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ሁለተኛ ሲሞክር ግን የወጣው ድምፅ በሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለውን ውሻ ሁሉ አስጮኸ።

«ቆንጂት!»

ቆንጂት በሽንኩርት የራሰ እጇን እያራገፈች ከጓሮ መጣች። «ምን ሆንክ? እባብ ነው?»

«የዘር በርበሬዬስ?»

ቆንጂት መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስተካከለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ ለይኩን ይህን ያውቃል፤ ቀሚስ ሁለት ጊዜ ከተስተካከለ የሆነው ነገር ሆኖ አልቋል። «ለእህትህ ላክሁት» አለች። «ሐሙስ አስፈጨሁት፣ ዓርብ ከሸቤ ሹፌር ጋር ላክሁት። ‹ከለይኩን ነው› ብዬ ነው የላክሁት። ዛሬ የልጇ የናርዲ ልጅ ክርስትና አይደል? ባሏ ጋሽ እሱባለው ሆዱን ከተቀደደ ወዲህ ሐኪም በርበሬ ከልክሎት አልጫ ሲበላ አልጫ ሊመስል ነው። ዓመት ሙሉ ተኳርፋችሁ፣ አንዳችሁ መጀመር ነበረባችሁ። እኔ ጀመርኩላችሁ።»

«ዛላው ላይ የነበረውስ?» አለ ለይኩን ቀስ ብሎ።

«የቱ?»

«ነጩ።»

«አመዱን ነው? በጨርቅ ጠራርጌ አራገፍኩት እንጂ! ቢቀርስ አመድ ምን ያደርጋል? የቡና እንጨት አመድ ለሆድ ፍቱን ነው እያልክ ሰፈሩን ስታስተምር የከረምከው አንተው አይደለህ?»

አመድ አልነበረም። ይህን ከለይኩን በቀር በምድር ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ እሱም ቢሆን ሊረሳው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ለይኩን በብሩሽ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ነው። ከሰርቦ እስከ ሸቤ ባለው መንገድ ላይ ሥጋ ቤት በር ላይ የተሳለ በሬ ሲሥቅ የታየ እንደሆነ ያ በሬ የለይኩን ነው። የፕላስቲክ ባነር የሚያትሙ ማሽኖች ጅማ ሲገቡ በሬውም ለይኩንም ሣቃቸውን አቆሙ፤ ያን ጊዜ ነው ወደ በርበሬ የዞረው። አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ ይዞት ከመጣው ረጅም ቀይ ጣፋጭ ቃሪያ ውስጥ ፍሬውን በሶፍት ለቅሞ አደረቀ። በተቆረጠ ጀሪካን አፈርና የበሰበሰ የቡና ገለባ ቀላቅሎ ዘራው። ችግኙን ማታ ጨርቅ እያለበሰ ጠዋት እየገለጠ እንደ አራስ ልጅ አሳደገው። ንብ ከሰው ጓሮ ሚጥሚጣ ተነሥታ በእሱ አበባ ላይ ካረፈች ዘሩ ያቃጥላል ብሎ የጎረቤቱን ሁሉ ሚጥሚጣ ግማሹን በልመና ግማሹን በዛቻ አስነቀለ። በየዓመቱም ከሁሉ የወፈረውን፣ ከሁሉ የጣፈጠውን ዛላ ለዘር አስቀረ። በሦስተኛው ዓመት ላይ እንደ ልጅ ክንድ የረዘመ፣ ጥሬውን ተሰንጎ ሕፃን የሚበላው፣ ደርቆ ሲፈጭ ደግሞ ወጥ አቅልቶ ምላስ የማይነካ በርበሬ ወጣለት። በገዛ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «የለይኩን ጣፋጭ በርበሬ፤ ያለ አንዳች መድኃኒት የበቀለ፤ በዓለም አንደኛ» ብሎ ጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ነቀዝ የገባው። አምና ለዘር ካስቀመጠው ዛላ ግማሹ ተበስቶ ዱቄት ሆኖ አገኘው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ገበያ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው ስም የሌለው፣ በላስቲክ የተቋጠረ የነቀዝ ዱቄት በሠላሳ ብር ገዛ፤ ለዘር እንጂ ለአፍ አይደለም ብሎ ዛላው ላይ ነሰነሰ። ቆንጂት በሩ ላይ ቆማ «ምንድነው?» ስትለው «አመድ» አላት። በሩ ላይ የተጻፈውን በሚስቱ ፊት ማጠፍ አቅቶት ያላት አንድ ቃል ናት።

አሁንም ያቺን ቃል መልሶ መዋጥ ይችል ነበር። ቆንጂት ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ለይኩን ግን ስልኩን አወጣ። ከእህቱ ከብርሃንነሽ ጋር ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም፤ አምና በተዝካር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ወንድሜ ከሚያወራው ውስጥ እውነቱን ለማግኘት ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል» ብላ ድንኳኑን በሣቅ አፍርሳዋለች። ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ተነሣ። ከበስተኋላው እልልታና የዕቃ መንኳኳት ይሰማል።

«ለይኩን? ወንድሜ!» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ኧረ ሰዎች፣ ለይኩን ደወለ! ሁሉም ይስማህ፣ ድምፁን ከፈትኩት። በርበሬህ እኮ ደረሰን! ዛሬ ልጅቷን ክርስትና አስነሥተን መግባታችን ነው። ለእሱባለው በትንሽ ድስት ለብቻው ዶሮ ሠራሁለት፤ ሽታው ብቻ ሰውዬውን ከአልጋ አስነሣው!»

«እታለም... ገና አልበላም አይደል?»

«ከእንግዳው ጋር ነው የሚበላው። ምነው?»

ለይኩን ዓይኑን ጨፈነ። ከስልኩ ማዶ የሸቤ ሰው በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ይታየዋል። «መድኃኒት አለበት» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ለይኩን ሃያ ቃል ተናገረ፤ በርበሬው ፀሐይ እንዳልጠገበ፣ ያልጠገበ በርበሬ ሆድ እንደሚነፋ፣ ባይቸኩሉ ጥሩ እንደሆነ። ብርሃንነሽ ሣቀች። «አይ አንተ! ደግሞ ልታስጎመጀን ነው?» አለች፤ ቀጥላ የተናገረችው ግማሹ ላይ ተቋረጠ። መልሶ ደወለ። «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ጥሪ አይቀበሉም» አለችው ማሽኗ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ያው መልስ።

«ልሄድ ነው» አለ።

የቆንጂት ፊት በራ። «ሸቤ? እሰይ! ጠብቀኝ፣ ልልበስና አብረን እንሂድ።»

«ጊዜ የለም።»

ቆንጂት ፊቷ መልሶ ከሰመ። ቢሆንም ከጡት መያዣዋ አምስት መቶ ብር አውጥታ በኮቱ ኪስ ከተተችለት፤ «ለሕፃኗ። ባዶ እጅህን እንዳትገባ» አለች። ለይኩን ወደ በሩ ሲሄድ ጀርባው ላይ ዓይኗ ይሰማዋል። ዞሮ ቢነግራት ምን ነበረበት? አልዞረም። በሩ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ላለማየት አንገቱን ወደ ሌላ ጎን አዙሮ ወጣ።

መናኸሪያ ሲደርስ የሸቤ ሚኒባስ ዘጠኝ ሰው ይዞ አሥራ ሁለት ካልሞላ አልሄድም ብሎ ቆሟል። ዋጋው መቶ ሃምሳ ነው። ለይኩን ባዶ የቀረውን ወንበር ሁሉ ከራሱ ጋር ከፍሎ «ንዳ!» አለ፤ ሹፌሩ ብሩን አየና ዞር ብሎ ለይኩንን አየ፣ ሰው ሞቶበት መሰለውና «ነፍስ ይማር» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ያቺ ነፍስ ይማር ሰቃ ከተማ እስኪደርሱ ከለይኩን ጆሮ አልወጣችም። ከጎኑ የተቀመጡት የሸቤው ቡና ነጋዴ ሐጂ ሙሐመድሳኒ ናቸው፤ የመጋዘናቸውን ጽሑፍ የጻፈላቸው እሱ ነው፤ ያውቁታል።

«አካም ጅርታ፣ ለይኩን? በርበሬውስ?» አሉት።

ጉድ የሚባለው ይኸኔ ነው። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፤ አፉ ግን ጌታውን ሳያስፈቅድ መንገዱን ቀጠለ። «ሐጂ፣ ዘንድሮ አራት መቶ ዛላ ለዘር ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ከውጭ አገር ሰዎች ፎቶ ሊያነሡት መጥተው ነበር» አለ። ራሱን ሲሰማ አመመው። አርባ አንድ ነው። ማንም አልመጣም። መንገዱ ላይ የተሰጣው ቀይ የቡና ፍሬ በመስኮቱ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሰሌን የበርበሬ ዱቄት መሰለው። ዞር ብሎ «ሐጂ» አለ፣ «እንበልና... አንድ ሰው የነቀዝ መድኃኒት ሳያውቅ ከምግብ ጋር ቢበላ ምን ይሆናል?»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «አዑዙ ቢላህ። የአጎቴ ሦስት ፍየሎች የተቀባ ዘር በልተው አላደሩም። አረፋ በአረፋ ሆኑ። ሰው ግን ከፍየል ይጠነክራል፣ ኢንሻአላህ።» ቀጥለው ለይኩንን ትክ ብለው አዩት። «ማን በላ?»

«ማንም» አለ ለይኩን። «እንዲያው ለእውቀት።»

ሐጂ ሲወርዱ ትከሻውን ያዝ አድርገው «አላህ ያውጣህ» አሉት፤ ለእውቀት የጠየቀን ሰው እንዲህ አይሉትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሸቤ ደረሰ። ብርሃንነሽ ግቢ ሰማያዊ ድንኳን ተተክሏል፤ ለይኩን ገና በሩ ላይ ብቅ ሲል እልልታው ድንኳኑን ሊያስነሣው ደረሰ። እህቱ ጀበናውንም እንግዳውንም ትታ እየሮጠች መጣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ዓመት ሙሉ ያላስነካችው ጉንጯ በእንባ ረጥቧል። «መጣልኝ!» ትላለች፤ «በርበሬውን ላከ፣ ራሱም መጣልኝ!» ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ይመርቁት ጀመር፤ እጅህ ይባረክ፣ የዘራኸው ይጽደቅ፣ የበላነው ይስማማን። ለይኩን በእያንዳንዱ ምርቃት ላይ አንድ ጣት እያጠረ የሄደ መሰለው። በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሲያይ ጋሽ እሱባለው ከመሐል በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እንደ ክር ቀጥኗል፣ ኮቱ ውስጥ ሁለት እሱባለው ይገባል። ፊቱ ላይ ትንሽ ሰሃን አለች። ሰሃኗ ቀይ ናት። ሰውዬው እንጀራውን ጠቅልሏል፤ ሦስት ወር የናፈቀውን ነገር ቸኩሎ ላለመጨረስ በዓይኑ እየበላው ነው።

«ጋሽ እሱባለው፣ እንዳይጎርሱት!»

ሁሉም ዞረ። «መርዝ አለበት» አለ ለይኩን። በርጩማ ላይ የተቀመጠ አንድ ወፍራም እንግዳ ሣቀ፤ «ኧረ ለይኩን! እስከ አሁን በሽታ ሁሉ ይፈውሳል ስትለን ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው ይገድላል ልትል ነው?» ድንኳኑ አብሮት ሣቀ። ጋሽ እሱባለውም ሣቀ፤ ጉርሻውንም ወደ አፉ አነሣ። ያኔ ለይኩን በሰው መሐል ሰንጥቆ ሄዶ እጁን ያዘው፤ በዚያ ዓመት ሙሉ በኩራት ተነፍቶ በነበረው ደረቱ ሳይሆን ከሆነ ጠባብ ቦታ በወጣ ድምፅ ተናገረ።

«የዘር በርበሬ ነው። የነቀዝ መድኃኒት ነስንሼበት ነበር። ቆንጂትን አመድ ነው አልኳት። ዋሽቻት ነው። እሷ ሳታውቅ ላከችው።»

በዚያ ድንኳን ውስጥ ለይኩን ቅጽል ያልጨመረበት ነገር ሲናገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሣቁ ከዳር ጀምሮ ጠፋ። ብርሃንነሽ መጣች። ከባሏ እጅ ላይ ጉርሻውን አንድ በአንድ ከጣቶቹ መሐል አውጥታ ሰሃኑ ላይ መለሰች፣ መዳፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ወንድሟንም አየችው። ከዚያ ስድብ ቢመጣ ለይኩን ያርፍ ነበር። ስድብ አልመጣም። ዓይኗ ከእሱ ላይ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ፤ ከዚያ በር በስተጀርባ ልጇ ናርዲ አራስ ልጅዋን ታጠባለች።

«ናርዲ በልታለች» አለች። «ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ርቧት ነበር። ከዚያችው ድስት አወጣሁላት። ልጅቷንም አጥብታለች።»

ባጃጅ ተጠራ። ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም፤ ለለይኩን ግን ከጅማ ሸቤ የመጣበት መንገድ ከዚያች ጉዞ ጋር ሲነጻጸር የጓሮ በር ነው። ናርዲ በክርስትና ቀሚሷ፣ ፀጉሯ እንደተሠራ፣ ሕፃኗን ታቅፋ መሐል ተቀመጠች፤ እናቷ በአንድ ጎን፣ አጎቷ በሌላው። «አጎቴ፣ እሞታለሁ እንዴ?» አለችው በዝቅተኛ ድምፅ፣ እናቷ እንዳትሰማ ያህል። ለይኩን «አትሞቺም» ሊላት ፈለገ፤ ዛሬ ግን የማያውቀውን ነገር ለመናገር አፉ እንቢ አለው። «አላውቅም፣ ናርዲዬ» አለ። እጇን ያዘ፤ ላብ አላት ወይስ የራሱ ላብ ነው፣ መለየት አልቻለም።

ሲስተር ትንቢት የምትባል ነርስ ተቀበለቻቸው፤ ቀጭን ልጅ ናት፣ የማትቸኩል። የናርዲን የዓይን ብሌን በባትሪ አየች፣ የልብ ምቷን ቆጠረች፣ ምራቅ በዝቶባት፣ አስመልሷት፣ ዓይኗ ፈዝዞባት እንደሆነ ጠየቀች። አንዱም አልነበረባትም። ሕፃኗ ለጊዜው ጡት እንዳትጠባ አዘዘች፤ ሕፃኗም ይህን የተረዳች ይመስል ጣሪያውን በለቅሶ ልታነሣው ምንም አልቀራት። ብርሃንነሽ የቆርቆሮ ወተት አስገዛች፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር። ለይኩን የቆንጂትን አምስት መቶ ብር ሲያወጣ እህቱ እጁን በእጇ ገፋችው።

«የመድኃኒቱ ስም?» አለች ነርሷ።

«ስም የለውም። ገበያ ላይ በላስቲክ ቋጥረው ነው የሸጡልኝ። ነጭ ነው። ሽታው የነዳጅ ዓይነት ነው።»

«ምን ያህል ነሰነሱበት?»

ለይኩን አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ሙሉ ቁጥር ሲጠየቅ ቁጥሩ ከአፉ ሲወጣ ጃኖ ለብሶ፣ በበቅሎ ተቀምጦ ነበር። አሁን ግን ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች፤ ብርሃንነሽም ከግድግዳው ላይ ተደግፋ ታየዋለች፤ ትልቅ ቢናገር ናርዲን ያለ ምክንያት ያሰቃያል፣ ትንሽ ቢናገር ይገድላታል፣ ትክክሉን ቢናገር ደግሞ ማን ያምነዋል? ዓይኑን ጨፍኖ ዕቃ ቤቱን አየው። ማንኪያዋን አየ፤ እጀታዋ የተሰበረ የሻይ ማንኪያ።

«ሁለት የሻይ ማንኪያ። ሦስተኛው ግማሽ ነው። የነሰነስኩት አርባ አንድ ዛላ ላይ ነው። ሚስቴ ከማስፈጨቷ በፊት በጨርቅ ጠርጋዋለች።»

ነርሷ ጽፋ ወደ ብርሃንነሽ ቀና አለች፤ የሰውዬውን ቁጥር ማመን ይቻል እንደሆነ የምትጠይቃት ትመስላለች። ብርሃንነሽ ወንድሟን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እውነቱን ነው» አለች። «ውሸት ቢሆን ኖሮ ኩንታል ነበር የሚለው።»

«እንግዲህ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልለቃትም» አለች ሲስተር ትንቢት። «ምልክት ከመጣ ጅማ ትሄዳለች። ከዚህች ሴት ሌላ የበላ አለ?»

ብርሃንነሽ «የለም» ልትል ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የወንድሟ በርበሬ ከዓመት ኩርፊያ በኋላ ሲመጣላት ደስታዋን ብቻዋን መያዝ አልቻለችም ነበር። ትናንት በጋዜጣ እየቋጠረች ለጎረቤት አድላለች፤ ለቅምሻ፣ ለሰባት ቤት። «የወንድሜ በርበሬ ነው፣ መድኃኒት ያልነካው» እያለች።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ለይኩን።

«ብቻህን» አለች እህቱ። «ብቻህን ሂድ። ሌላ ሰው እንዳይነግርልህ።»

የመጀመሪያው በር የእማማ ጣይቱ ነበር። «ለይኩን እባላለሁ፣ የብርሃንነሽ ወንድም። የተላከልዎ በርበሬ የነቀዝ መድኃኒት አለበት። ጥፋቱ የእኔ ነው። በልተውታል?» አሮጊቷ ያለ ችኮላ አስቀምጠውት ከነበረበት ቆጥ ላይ ቋጠሮውን አምጥተው በሁለት ጣት ያዙለት፤ እንደ ሞተ አይጥ። አልመረቁትም፣ በሩን ግን ዘጉበት። ሁለተኛው ቤት ትናንት ማታ ሽሮ ውስጥ ጨምረው አምስት ሰው በልቷል፤ አባትየው ኮሌታውን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው፣ ሚስትየው ናት ያስለቀቀችው፤ አምስቱም ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ ለይኩን ቆሞ እርምጃቸውን፣ ትንፋሻቸውን፣ አፋቸውን አየ፤ ትንሿ ልጅ ስታስነጥስ ልቡ ቆመች። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ገና አልፈቱትም። ስድስተኛዋ ሴት ድስቷን ከምድጃ ላይ አውርዳ እዚያው ፊቱ ላይ መሬት ላይ ደፋችው፤ የሰባት መቶ ብር ሥጋ ነበረበት። ለይኩን በየበሩ ያንኑ ተናገረ። ንግግሩ ከቤት ቤት አጠረ እንጂ አልረዘመም።

ሰባተኛው ቤት ከውጭ ተቆልፏል።

«ኦቦ ጀቤሳን ነው?» አለችው ከአጥር ማዶ ልብስ የምታሰጣ ሴት። «ቤተሰቡ በሙሉ ቡና ለቀማ ሄዷል። ከወንዙ ማዶ። ምሳ ቋጥረው ነው የሄዱት።»

ምሳ ቋጥረው። ለይኩን ሮጠ። ከሠላሳ ዓመት በፊት እሮጥ ነበር እያለ የሚያወራውን ሩጫ ሁሉ ያን ቀን በእውነት ሮጠ፤ ወንዙን በጫማው ተሻገረ፣ ከቡናው ዛፍ በታች በተሸፋፈነው ጥላ ውስጥ ገባ። መንገዱ ሁለት ሦስት ሆነ፣ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስልኩ ጮኸ፤ ብርሃንነሽ ናት። «እስካሁን ደህና ናት» አለች። «እስካሁን። ሰባተኛውን አገኘኸው?» «አላገኘሁትም» አለና ዘጋው። ከዚያ ለይኩን እጁን አፉ ላይ አድርጎ በዚያ ጫካ ውስጥ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«ኦቦ ጀቤሳ! አትብሉ! ሂን ኛቲና! ምሳውን አትብሉ!»

ወፎች ተነሡ። ደግሞ ጮኸ። ከሩቅ ከታች በኩል «ኤኙ?» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ፤ ማነው። ለይኩን ቅርንጫፍ ፊቱን እየገረፈው በድምፁ ላይ ወረደ። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጆንያ ላይ ስድስት ሰው ተቀምጧል፤ በመሐላቸው ሰሃን አለ። ሰሃኑ ባዶ ነው። ተጠርጎ ተበልቷል። አንዲት ልጅ ጣቷን ትልሳለች።

ለይኩን ተንበርክኮ ቀረ፤ ጀቤሳ ከሚባለው ጎልማሳ እግር ሥር። «በርበሬው» አለ። «የብርሃንነሽ በርበሬ። በላችሁት?»

ጀቤሳ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ መሬት መሬት አየች። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የእንግዳን ስሜት ላለመጉዳት ቃል የሚፈልግ ሰው መልክ ነበረው። «ወንድሟ ነህ አይደል? የዘራኸው አንተ ነህ አሉ። እንግዲህ እንዳትቀየመን።»

«በላችሁት ወይ?»

«ሚስቴ ትናንት በጣቷ ጫፍ ቀመሰችው። መልሳ ተፋችው። ‹ይሄ በርበሬ ነው እንዴ? አያቃጥል፣ አይሸት፤ ቀይ አፈር ነው የላኩልን› አለችና ሽንት ቤት ከተተችው። ይቅርታ አድርግልን። የዛሬው ሽሮ በራሳችን በርበሬ ነው የተሠራው።»

ለይኩን ጀቤሳን ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ቅጠል ተለጥፏል፣ ከዓይኑ የሚወርደውን ነገር አልጠረገውም።

«ምንድነው ያለችው?» አለ።

«ቀይ አፈር።»

«እስቲ ድገምልኝ» አለ ለይኩን፣ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው።